ለ4ኛ ክፍል ልጄ አስጠኚ ልቀጥር ነው፤ ማስተማር የሠለጠነውን ከሌላው በምን ልለየው?

የማራኪዋ እናት

ሰላም የጎንደር ሰዎች። ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው፣ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

ልጄ 4ኛ ክፍል ነው፣ የግል ትምህርት ቤት። እስከ 2ኛ ክፍል ጎበዝ ይሉት ነበር። 3ኛ ላይ ሒሳብ መንሸራተት ጀመረ፣ ዘንድሮ የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ሲመጣ ሒሳብ 51፣ እንግሊዝኛ 54። በመሃል ትምህርት የተቆራረጠበት ጊዜ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሁሉንም በጸጥታው ማሳበብ ግን አልፈልግም፣ አብረውት የተቆራረጠባቸው ልጆች ደህና ናቸው።

ጥቅምት ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቀጥሬለት ነበር። ሦስት ወር አስጠናው። ጨዋ ልጅ፣ ሰዓት አክባሪ። የቤት ሥራው ሁሌ ከ10 10። እኔም ደስ ብሎኝ ሻይ ቡናው አይቀርበት፣ በዓል ሲሆን ዶሮ ወጡ። ከዚያ ፈተናው መጣና ያው እንደምታዩት ሆነ። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ስገባ ለካ "በል ጻፍ፣ 6፣ ከሥሩ 3" እያለ ያጽፈዋል። ልጄ ቀና ብሎ እንኳን ደብተሩን አያይም፣ ጆሮው ብቻ ነው የሚሠራው። ተናድጄ አሰናበትኩት። በኋላ ሳስበው ጥፋቱ የሱ ብቻ አልነበረም፣ እሱን እናቆየው።

አሁን በደላላም በሰውም ሦስት ሰው ቀርቦልኛል።

አንደኛዋ እዚያው የሚማርበት ትምህርት ቤት የምታስተምር ናት፣ የራሱ የሒሳብ መምህሩ። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ ጋሼ ናቸው፣ የድሮ ቲቲአይ (የመምህራን ማሠልጠኛ) ምሩቅ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ነው ያስተማሩት። ሰፈሩ ሁሉ ያከብራቸዋል፣ ግን ቁንጥጫቸውም ይታወቃል። ሦስተኛው በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ ሥራ እየጠበቀ ያለ ልጅ ነው፣ እንግሊዝኛው ውሃ ነው።

ባለቤቴ ለሥራ መተማ ነው ያለው፣ እኔ ከቢሮ የምወጣው 11፡30 ነው። ቤት ያሉት አማቴና 1ኛ ክፍል ያለችው ታናሿ ናቸው። "ማስተማር የሠለጠነ ሰው ቅጠሪ" ይሉኛል። እሺ፣ ግን መሠልጠኑን በምን አውቃለሁ? ወረቀት ማየት ይበቃል? ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

ጠመኔ

እታለም፣ እኔ 17 ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ አስተምሬያለሁ፣ አሁንም ክፍል ውስጥ ነኝ። ስለዚህ በቀጥታ ልንገርሽ፣ አስጠኚ ለመምረጥ ገና ነሽ። መጀመሪያ ልጁ የት ላይ እንደቆመ እወቂ። "ሒሳብ ደክሟል" ብለሽ የምትቀጥሪው ሰው ሁሉ የ4ኛ ክፍል መጽሐፍ ገጽ 1 ላይ ይጀምርልሻል፣ የልጅሽ ችግር ደግሞ የ2ኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ቅዳሜ ጠዋት ፀጥ ባለ ሰዓት ይቺን ሞክሪ። የፈተና ወሬ አታንሺበት።

የታናሿን የአማርኛ መጽሐፍ አምጥተሽ ጮክ ብሎ ያንብብ። ፊደል እየቆጠረ ነው የሚያነበው ወይስ ቃሉን እንዳለ? ኩ እና ኪ፣ ቱ እና ቲ ላይ ይደናቀፋል? ከዚያ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ አንቀጽ አንብቦ ምን እንደሚል በአማርኛ ይንገርሽ። ከዚያ በባዶ ወረቀት ላይ 42 ሲቀነስ 17 ይሥራ። መልሱ ምንም ይሁን አታርሚው፣ "እንዴት እንደሠራኸው ንገረኝ" ብቻ በይው።

35 ካመጣ እጅግ የታወቀ ስህተት ነው። ከላይ 2 ከታች 7 ሲያይ ትልቁን ከትንሹ መቀነስ ስለማይችል ገልብጦ 7 ሲቀነስ 2፣ 5 ይላል። ከዚያ 4 ሲቀነስ 1፣ 3። ይሄ ልጅ ሰነፍም ግዴለሽም አይደለም፣ የራሱ ሕግ አለው፣ ሕጉ ነው የተሳሳተው። አሥር ቤት ያለችው 4 ማለት አርባ መሆኗ አልገባውም። እሱ ሳይገባው መቶ ጥያቄ ብታሠሪው መቶውንም እንደዚያው አድርጎ ይሠራዋል። እንዲያውም ስህተቱን በደንብ ይለማመደዋል።

የሠለጠነውን ከሌላው የምትለዪውም እዚህ ላይ ነው። ያንን ወረቀት ያዢና ለሦስቱም አሳያቸው። "ይሄን የሠራ ልጅ ምን ትለዋለህ?" በይ። "ተሳስቷል፣ ይጠንቀቅ፣ ድጋሚ ይሥራ" የሚልሽ ሰው ሒሳብ ያውቃል፣ ማስተማር ግን አያውቅም። ወረቀቱን ትንሽ አየት አድርጎ "ሌላ ቁጥር ልስጠው እስኪ፣ በቃልስ ይችላል?" ብሎ መልሶ የሚጠይቅሽ፣ እሱ ነው። እንጨትም ባቄላም ቆጥሮ ካሳየው ደግሞ እልል በይ።

ስለ ወረቀት ጠይቀሻል። ወረቀት እዪ፣ ግን ምን የሚል ወረቀት እንደሆነ ለዪ። ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የተገኘ ዲፕሎማ ትንንሽ ልጆችን ማስተማር የሠለጠነ ሰው ነው። ፒጂዲቲ የሚባለው ደግሞ በሌላ ትምህርት ዲግሪ የያዘ ሰው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ለመሆን የሚወስደው የማስተማር ሥልጠና ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን 11ኛ ክፍል ፊዚክስ ለማስተማር የሠለጠነ ሰው ማንበብ ያቃተውን የ8 ዓመት ልጅ ሲያይ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። የመሐንዲሱ ዲግሪ የምህንድስና ነው፣ አለቀ። ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ "የሠለጠነ መምህር" ብሎ ደላላው ከሸጠልሽ ግን ዋሽቶሻል።

የራሱን መምህርት ግን ተይ። ሰውዬዋ ቅን ብትሆን እንኳን ፈተና የምታወጣውም የምታርመውም እሷ ናት። ማርኩ ከፍ ሲል ልጅሽ ስለገባው ይሁን ስለከፈልሽ በምን ታውቂያለሽ? እሷንም ከባልደረቦቿ ጋር ታነካኪያታለሽ።

ስታት አራተኛ ዓመት

እትዬ እኔ ከቴዎድሮስ ግቢ ነኝ፣ ስታትስቲክስ ተማሪ። ሁለት ቤት አስጠናለሁ። ያባረሩት ልጅ እኔ አይደለሁም፣ ግን እኔም ልሆን እችል ነበር ስለዚህ ልናገር።

ወላጅ ከሥራ ሲገባ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። "የቤት ሥራው አለቀ?" ይሄው ነው። ልጁ ዛሬ ምን ገባው፣ ምን አልገባውም ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አንድ ቀን እንደምንም ተነስቼ የቤት ሥራውን ትተን ማባዛት ከሥር እንጀምር ብዬ ነበር፣ በማግስቱ ልጁ የቤት ሥራ ሳይሠራ ሄዶ ተቆጡት፣ እናትየው ደወለችልኝ፣ "ለምንድነው የምከፍልህ?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ እኔም አጻጽፋለሁ። ደስ ብሎኝ አይደለም።

ደግሞ አለ ሌላ ነገር። ለአንድ ልጅ ተስማምተን ሁለተኛው ሳምንት ላይ "ታናሹንም እግረ መንገድህን" ይባላል። ሦስተኛው ሳምንት የጎረቤት ልጅ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። የአንድ ልጅ ብር፣ የሦስት ልጅ ጩኸት። ወሩ 30 ሲሆን ደግሞ "ደሞዝ አልወጣም፣ ሰኞ"።

እኛም ጥፋት አለብን። ሚድና ፋይናል ሲመጣ እንጠፋለን፣ ያው ልጁም ፈተና የሚደርስበት ሰሞን ነው። ዘግይቶ ማስጠናትም አሁን ባለው ሁኔታ የማይሆን ነው፣ ሳይመሽ ግቢ መግባት አለብኝ። ይሄን መጀመሪያ ቢጠይቁን እኮ አንዋሽም።

በነገራችን ላይ ጠመኔ ያሉት የ42 ነገር፣ እኔም አሁን የማስጠናው ልጅ ላይ ሞከርኩት። 35። ሦስት ወር ሙሉ አላየሁትም። አፈርኩ።

አዘዞ

እኔ ደላላ ላይ ነው ንዴቴ። ልጄን 6ኛ ክፍል የክልል ፈተና አለባት ብዬ፣ አንድ ሰው "ልምድ ያለው የተመሰከረለት መምህር አለኝ" አለኝ። የመጀመሪያውን ወር ግማሽ ቀድሞ ተቀበለ። መምህሩ አምስት ቀን መጣ። ከዚያ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ደላላውን ስደውልለት "ሌላ አምጥቼ ልተካ፣ ግን ኮሚሽኑ አዲስ ነው" አለኝ። ያሳየኝ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ነበር፣ ኦሪጅናሉን አምጣ ስለው ቤተሰብ ጋ ነው አለ፣ እኔም ሞኝ አመንኩ።

ስለዚህ እህቴ ኦሪጅናል እዪ። መታወቂያ እዪ፣ የወረቀቱ ስምና የመታወቂያው ስም አንድ ይሁን። ያስተማረበት ቦታ ካለ ደውዪ፣ ወይ በባጃጅ ብቅ ብለሽ ጠይቂ፣ ጎንደር ሰው ለሰው ይተዋወቃል። ተያዥ ካለውም አይከፋም። ብር ደግሞ ወር ሲሞላ እንጂ ቀድሞ አይሰጥም፣ የሚቀርበት ቀን ይተካል ወይስ ይቆረጣል የሚለውን ከመጀመሪያው ተነጋገሪ፣ በኋላ ያፋጃል።

ሌላው የማይባለው ነገር፣ ባልሽ የለም፣ አንቺ ሥራ ነሽ። ማንም ይሁን ማን፣ ሽበታምም ቢሆን፣ መኝታ ቤት ዘግቶ ማስጠናት የለም። ሳሎን፣ በሩ ክፍት፣ አማትሽ ፈትል ይዘው እዚያው ይቀመጡ። ቅን ሰው በዚህ አይቀየምም። የተቀየመ ካለ ሻይ አጠጥተሽ ሸኚው።

ቁንጥጫ ያላቸው ጋሼ ግን አልተመቹኝም።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ

ሽማግሌውን እንዲህ ቶሎ አትጣሉብን እንጂ!

እኔ በልጅነቴ የኔታ ጋ ነው ፊደል የቆጠርኩት። የኔታ የነበራቸውን አንድ ነገር ዛሬ ክፍል ውስጥ አላየውም። ፊደሉን ሳትለይ ወደ መልእክተ ዮሐንስ አታልፍም። እሱን ሳታደርስ ዳዊት አትነካም። ጓደኛህ ዳዊት ቢደግም ያንተ ጉዳይ አይደለም፣ አንተ ካለህበት ነህ። ስድሳ ልጅ ቢሆን ስድሳውም በተራ በተራ ፊታቸው ቀርቦ ይሰማል፣ ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስቀጽላል። አሁን ግን ገባህ አልገባህ ሰኔ ሲደርስ ክፍል ትዛወራለህ። የዚህ ልጅ የ2ኛ ክፍል ቀዳዳ 4ኛ ክፍል ድረስ ተከትሎት የመጣው በዚህ ነው።

እነዚያ የድሮ ቲቲአይ ሰዎች ደግሞ የሠለጠኑት ለዚሁ ለትንንሹ ክፍል ነው። ዝቅ ብሎ ማስተማር ያውቁበታል። መሐንዲሱ ልጅ x እና y ካላገኘ ይሰለቸዋል።

ጠመኔ

@የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፣ በዚህስ እስማማለሁ። የኔታ አለንጋም ነበራቸው ግን፣ እሱን ዘለልከው።

ቁንጥጫ ላይ እኔ አልደራደርም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃን በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አለው ይላል። ክፍል ውስጥ የተከለከለውን ሳሎንሽ ውስጥ ማን ፈቀደ? ሕጉን እንኳን ተይው፣ የተቆነጠጠ ልጅ ያልገባውን "ገብቶኛል" ማለት ነው የሚለምደው። አስጠኚ ደግሞ ልጁ "አልገባኝም" ካላለው የሚሠራው ሥራ የለውም።

እንዲህ ስል ሽማግሌውን አስወጫቸው ማለቴ አይደለም። ፊት ለፊት ንገሪያቸው።

ሥነ ትምህርት

ሥራዬ ከዚሁ ጋር ስለሚገናኝ ጥናቱ ምን ይላል የሚለውን ባጭሩ ላካፍል። ቢሰለቻችሁ ዝለሉት።

በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ሰፊ ግምገማ አለ፣ በግልና በትንሽ ቡድን ማስጠናት ላይ የተሠሩ 96 ጥናቶችን ሰብስቦ ያየ። ማስጠናት በደንብ እንደሚሠራ አረጋግጧል። ለእህታችን ጥያቄ የሚጠቅመው ግን ቀጣዩ ነው፤ መምህራን፣ እንዲሁም መምህር ባይሆኑም ለሥራው ተዘጋጅተው ክትትል የሚደረግላቸው ረዳቶች ያስጠኗቸው ልጆች፣ በበጎ ፈቃደኞችና በወላጆች ከተጠኑት በአማካይ የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። በታችኛው ክፍል ውጤቱ ጠንከር ይላል። በትምህርት ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው ከትምህርት በኋላ ከሚሰጠው ይበልጣል፣ መቼም የደከመ ልጅ የደከመ ነው።

ጥናቶቹ የተሠሩት ባደጉት አገሮች ነው፣ እንዳለ ጎንደር ላይ መጫን አይቻልም። እኔ ከዚህ የምወስደው ግን አንድ ነገር ነው። "ረዳቶቹ" ከመምህራኑ ብዙም አልራቁም። ማለትም ዲግሪው ብቻ አይደለም፣ ዛሬ ምን እንደሚያስተምር፣ ከምን ጀምሮ ወደ ምን እንደሚሄድ የተነገረው ሰው ይሠራል። የስታቱ ልጅ ጠመኔ ያለችውን አንድ ነገር ይዞ አንድ ቀን ውስጥ የሦስት ወር ስህተት አገኘ። ሠልጥኖ ግን ያላስተዋለ መምህርም አለ፣ የልጁ ክፍል ውስጥ ያለችው ሠልጥና የለም እንዴ?

ሰዓትን በተመለከተ፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ከማድረቅ በሳምንት ሦስት ቀን እየተከፋፈለ አንድ አንድ ሰዓት ይሻላል። እና ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ በልቶ፣ ኳሱን ተጫውቶ ይሁን። 10 ሰዓት ገብቶ 10፡05 ደብተር አውጣ የሚባል ልጅ እኔ ብሆን አልማርም።

ዝም ብዬ አላልፍም

ቆይ ግን 4ኛ ክፍል ልጅ ምን በወጣው ነው ከትምህርት ቤት መጥቶ ሌላ ትምህርት ቤት የሚገባው?? የ2014ቱ 12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት መጥቶ ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ከተባለ ወዲህ አገሩ ሁሉ ደንግጦ ኬጂ ልጅ ሳይቀር አስጠኚ ይቀጠርለታል። ትምህርት ቤቱ በወር የሚቀበለው ብር ምን ሊሠራበት ነው? ሄዳችሁ እነሱን ጠይቁ እንጂ።

አዘዞ

ጠይቀናል። "ቱቶሪያል አለን፣ ተጨማሪ ክፍያ አለው" አሉን።

የማራኪዋ እናት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አሥር ቀን ጠፋሁ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ አሁን የሆነውን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ቡና እየተፈላ ልጄን ቁጭ አደረግኩት። አማርኛ ንባቡ ደህና ነው፣ ያን ያህል አይደናቀፍም። 42 ሲቀነስ 17 አልኩት። 35! ጠመኔ ቤቴ ገብተሽ ያየሽ ነው የመሰለኝ። እንዴት ሠራኸው ስለው በኩራት ነው ያስረዳኝ፣ ልክ እንዳልሽው፣ "ከትልቁ ትንሹን ነው የሚቀነሰው እማዬ፣ ቲቸር ብላናለች"። ሁለት ዓመት ይቺን ሕግ ይዞ ሲዞር ነበር ማለት ነው።

ሌላ ያልጠበቅኩት ነገር ደግሞ መጣ። መጽሐፋቸው በእንግሊዝኛ ነው፣ የቃላት ጥያቄ ላይ አንዱ ልጅ 12 ብርቱካን አለው፣ ሌላው 7፣ "ሃው ሜኒ ሞር" ይላል። 19 አለኝ። "ሞር" ማለት ብዙ አይደል፣ ብዙ ለማድረግ ይደመራላ! ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ "በስንት ይበልጠዋል?" ስለው ቶሎ ብሎ 5 አለ። አለቀስኩ ልበላችሁ? አማቴ "ምን ሆነች ይቺ" ብለው ከጓዳ ወጡ። በሒሳብ ስቆጣው የከረምኩት እንግሊዝኛ ላይ ነበር።

ከዚያ ወረቀቱን ይዤ ዞርኩ። መሐንዲሱ ልጅ አየና "ኬርለስ ሚስቴክ ነው፣ ፕራክቲስ ያስፈልገዋል" አለ፣ ወዲያው ብዕር አውጥቶ መበደርን በፍጥነት አስረዳኝ። ለኔ። እኔ እኮ መቀነስ እችላለሁ። መጥፎ ልጅ አይደለም፣ ሥራ ያግኝ።

ጋሼ ጋ ደግሞ ልጁን ይዤ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አዩት፣ ምንም አላሉም። "ሽንብራ አለ ወይ?" ብለው ወደ ጓዳ ተጣሩ። 42 ፍሬ አስቆጠሩት። ከዚያ አሥር አሥሩን በትንንሽ ላስቲክ አስቋጠሩት፣ አራት ቋጠሮና ሁለት ልቅ። "በል 17 ስጠኝ" አሉት። ሁለቷን ልቅ ሰጣቸውና ቆመ። አየኝ፣ አየሁት፣ እሳቸው ወደ መስኮት ያያሉ። ብዙ ቆየ። ዝምታው እኔን ጨነቀኝ፣ ልናገር ስል በእጃቸው ዝም በይ አሉኝ። ከዚያ ልጄ ራሱ "አንዱን ቋጠሮ ልፍታው?" አለ። "ያንተ ሽንብራ ነው" አሉት። ይሄው ነው፣ እዚያው ቀጠርኳቸው።

የቁንጥጫውን ነገር ፊት ለፊት ነገርኳቸው፣ እያፈርኩ። ሳቁና "ልጄ፣ እሱ ድሮ ነው፣ ልጅ ልጆቼ እኔን ነው የሚቆነጥጡኝ" አሉ። ቢሆንም አማቴ ሳሎን ናቸው። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ከ10፡30 እስከ 11፡30። ብሩ ወር ሲሞላ። የቀሩበት ቀን ይተካል። የቤት ሥራውን ልጄ ራሱ ይሠራል፣ ቢሳሳትም ተሳስቶ ይሄዳል፣ ይሄን ለትምህርት ቤቱም ነግሬያለሁ፣ መምህርቷ ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ።

አንድ ችግር ቀረኝ። ጋሼ እንግሊዝኛ ላይ "እኔን ተይኝ" ብለዋል።

ጠመኔ

ሽንብራውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ጠጠር ነው የማስለቅማቸው።

በሚቀጥለው ካርድ ላይ ተአምር አትጠብቂ እታለም። ጋሼ ወደ 2ኛ ክፍል ወርደው ሲጠግኑ ክፍሉ ክፍልፋይ ላይ ነው ያለው፣ እስኪደርስበት ምናልባት ሁለት ወር ማርኩ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ያኔ ነው ሰው ተስፋ ቆርጦ አስጠኚ የሚቀይረው። ማርኩን ሳይሆን ያችን የቅዳሜዋን ወረቀት አስቀምጪ። ወር ሲሞላ ቁጥሮቹን ቀያይረሽ፣ 53 ሲቀነስ 28 ምናምን ብለሽ፣ ያንኑ ጥያቄ ስጪው። እንዴት እንደሠራው ይንገርሽ። አገላለጹ ከተቀየረ ገንዘብሽ ሥራ ላይ ነው።

እንግሊዝኛው ላይ መምህር አያስፈልግሽም፣ አብሮት የሚያነብ ሰው ነው የሚያስፈልግሽ። የሒሳብ መጽሐፉን ጥያቄ አንድ በአንድ አንብቦ በአማርኛ እንዲነግረው፣ መልስ ሳይሠሩ። "ሞር"፣ "ለስ"፣ "ሌፍት"፣ "ኢች"፣ እነዚህን ሃያ የማይሞሉ ቃላት ከጨረሰ ግማሹ መንገድ ነው። እሱን የግቢ ልጅም ይችለዋል።

አዘዞ

የጋሼን ስልክ በውስጥ ላኪልኝ እህቴ።

የማራኪዋ እናት

ጠይቄያቸው ነበር፣ ከእኛ ሌላ አንድ ቤት ይበቃኛል ብለዋል፣ እሱም ተይዟል። አዘዞ ድረስ ደግሞ ጉልበታቸው አይችልም። ልጅህን ይዘህ ብትመጣ ግን ወረቀቷን ያዩልሃል፣ እሱን እምቢ አይሉም።

ስታት አራተኛ ዓመት

እትዬ፣ የንባቡን ነገር ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 4 ሰዓት እኔ ልምጣ። ግንቦት ላይ ሁለት ሳምንት ፋይናል አለብኝ፣ ከአሁኑ እየነገርኩዎት ነው። ኦሪጅናል ወረቀት ገና የለኝም፣ የግቢ መታወቂያና ፋይዳ አለኝ።

የማራኪዋ እናት

ና በል፣ ቡናም አለ። አማቴ ግን አሁኑኑ ምን ቢሉ ጥሩ ነው፣ "ታናሿንም እግረ መንገዱን"።

ስታት አራተኛ ዓመት

ኧረ እትዬ!!